ከጣፋጩ ቃሪያ ዘር የበቀለው ተክል ለምን አቃጠለ?

የሽምብጥ ጓሮ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ሲሆን ከቤቱ ኋላ ባለችው ጠባብ ጓሮ ከጎመንና ከሰላጣ ጋር የፈረንጅ ቃሪያ አለማለሁ። አምና ከታሸገ ዘር ያፈላሁት ችግኝ ያፈራው ፍሬ ሥጋው ወፍራም፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ጨርሶ የማያቃጥል ነበርና ልጆቹ እንደ ካሮት እያነሡ ጥሬውን ይበሉት ነበር። ከቀሉት መካከል ትልልቆቹን መርጬ ዘራቸውን አደረቅሁና ዘንድሮ በመስከረም መጨረሻ አፈላሁት። ተክሉ በመልኩ ከአምናው ብዙም አይለይም፤ ፍሬው ግን ከተክል ተክል የተለያየ ሆነብኝ። ከአንዱ የለቀምሁት እንደ አምናው ጣፋጭ ሲሆን፣ አጠገቡ ካለው የቆረጥሁት ግን የትንሿን ልጄን አፍ አቃጥሎ አስለቀሳት።

በአጥሩ ሥር ለስንግ የምንጠቀምበት ያገራችን ቃሪያ ተተክሏል። ጎረቤቴ «ጣፋጩን ያበላሸው ይህ ነውና ነቅለሽ ጣይው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍሬ ይጣፍጣል» ይሉኛል። መንቀሉ አሳዝኖኛልና እውነት መሆኑን የምታውቁ ብታስረዱኝ። በተጨማሪም በታኅሣሥና በጥር የወጣው አበባ አብዛኛው ረግፏል፤ የቀረውም ትንንሽና ጠፍጣፋ ፍሬ ነው የያዘው። አሁን በመጋቢት ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሬ እየደረሰልኝ ስለሆነ፣ ሰላጣ ላይ ከመክተፍ ያለፈ አሠራር የምታውቁም ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ቤታችን ጿሚ መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

አትክልተኛ ከዘንዘልማ

ጎረቤትዎ ስለ ምክንያቱ ልክ ናቸው፤ ስለ መፍትሔው ግን አይደሉም። ቃሪያውን ዛሬ ቢነቅሉት አሁን የሚያቃጥለው ተክል እስከ መጨረሻው እያቃጠለ ይኖራል፤ አሁን የሚጣፍጠውም ቃሪያው አጠገቡ ቢኖር ባይኖር ይጣፍጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሪያ፣ በርበሬና የፈረንጅ ቃሪያ በገበያ ስማቸው ተለያዩ እንጂ በዕፅዋት አመዳደብ ካፕሲከም አኑም የተባለ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ስለዚህ ንብ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስትመላለስ ያለ ችግር ይዳቀላሉ። አበባው የወንዴውንም የሴቴውንም ክፍል በአንድነት የያዘ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ ይይዛል፤ ሆኖም እንደ እርስዎ ጓሮ ሁለቱ ዓይነቶች በጥቂት እርምጃ ርቀት ሲያብቡ የተወሰኑት ዘሮች መዳቀላቸው አይቀርም። አምና የሆነውም ይኸው ነው። አምና ፍሬው ያላቃጠለበት ምክንያት፣ የፍሬው ሥጋና ቆዳ እንዲሁም ዘሩ የተጣበቀበት ነጭ ክፍል ሁሉ የእናቲቱ ተክል አካል ስለሆነ ነው። ከባዕድ አበባ የመጣው ዱቄት ለውጡን የሚያሳርፈው በዘሩ ላይ ብቻ ነው፤ ዘሩም ተዘርቶ፣ በቅሎ፣ በራሱ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ ምንም የሚታይ ነገር የለም። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ማለትም ካፕሳይሲን፣ የሚሠራው በዚያ ነጭ ክፍል እንጂ ብዙዎች እንደሚሉት በዘሩ ውስጥ አይደለም፤ ዘሩ የሚያቃጥለው ከነጩ ክፍል ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ነው። የማቃጠሉ ባሕርይ ከሁለቱ ወላጆች ከአንዱ ብቻ ቢወረስ እንኳ ልጁ ያቃጥላል። ከአንድ ፍሬ ውስጥ የወጡ ዘሮች ግማሾቹ ራሱን በራሱ ካዳቀለው፣ ግማሾቹ ደግሞ ከቃሪያው ጋር ከተዳቀለው ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተክሎች እንዲህ የተለያዩብዎ።

ዘር ለማስቀረት የሚፈልግ ሰው ታዲያ ቃሪያውን መንቀል አያስፈልገውም፤ አበባውን መጠበቅ ይበቃዋል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሚከፈት ነጭ እምቡጥ ያለበትን ቅርንጫፍ መርጠው፣ ንብ የማታልፍበትን የሻሽ ቁራጭ እንደ ከረጢት ሰፍተው ያልብሱት፤ አፉንም በክር ሳያጠብቁ ይሠሩት። አስቀድሞ የተከፈተ አበባ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ካለ ይቀንጥሱት። አበባው ሲከፈት በየጥዋቱ ቅርንጫፉን በጣትዎ መታ መታ ቢያደርጉት ዱቄቱ ይራገፋል። አበባው ረግፎ የአተር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ፍሬ ስትታይ ሻሹን ያንሡትና በአንገቷ ላይ ቀለም ያለው ክር ያሥሩባት፤ ለወጥ እንዳትቆረጥ ለቤተሰቡ ሁሉ ይናገሩ። ዘሩ የሚበቅለው ፍሬው እስኪቀላ ከቆየ ነው፤ ከአረንጓዴ ፍሬ የወጣ ዘር አብዛኛው አይበቅልም። በጥላ ሥር ደርቆ በወረቀት ውስጥ የተቀመጠ ዘር ሁለትና ሦስት ዓመት ይቆያል።

ስለ አበባው መርገፍ ደግሞ፣ ጥፋቱ የወቅቱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ቀኗ ቢሞቅም በታኅሣሥና በጥር ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ጊዜያት አሉ። የፈረንጅ ቃሪያ ደግሞ የሌሊቱ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ገደማ ሲያንስ የአበባው ዱቄት ስለሚደክምበት ወይ አበባውን ያረግፋል፣ ወይ ዘር የሌለው ጠፍጣፋ ፍሬ ይይዛል፤ ያገራችን ቃሪያ ይህን ከእሱ በተሻለ ይችለዋል። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍም እንደዚሁ ያረግፋል። ስለዚህ በመስከረም ከማፍላት ይልቅ በኅዳር መጀመሪያ ቢያፈሉ፣ ችግኙ በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር መጀመሪያ ወደ መደቡ ይዛወራል፤ አበባው የካቲት ላይ ሌሊቱ ሲለሰልስ ይመጣል፤ ፍሬውም ክረምቱ ሳይገባ ይለቀማል። ዘሩ ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ስለሚወድ፣ ችግኝ ማፍያውን ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ወይም በፕላስቲክ መሸፈን በጣም ይረዳል።

ከክረምቱ ጋር መሽቀዳደም ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ ከሐይቁ ዳር ያለው አፈር በብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ዋልካ በሐምሌና በነሐሴ ውኃውን እንደ ገበቴ ይዞ ስለሚቆይ፣ የቃሪያው ሥርና ከመሬት የሚነሣው ግንዱ በሻጋታ መሰል ተሕዋስያን ይበሰብስና ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ በሁለት በሦስት ቀን ይጠወልጋል። መደቡን ከመተላለፊያው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግ፣ በተክሎቹ መካከል ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር መተው፣ ባለፈው ዓመት ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ የነበረበትን ቦታ መዝለል ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። ዩሪያ አታብዙ፤ ቅጠሉ ያማረ፣ ፍሬው ያነሰ ተክል ብዙ ጊዜ የዩሪያ ልጅ ነው።

ጣና ዳር

በማብራሪያው ብዙ ተምሬያለሁ፤ ይሁንና የታሸገውን ዘር ለምን ነፃ እንደምታወጡት አልገባኝም። ዛሬ በገበያ ያለው የፈረንጅ ቃሪያ ዘር አብዛኛው ዲቃላ ነው፤ የዲቃላ ዘር ልጅ ደግሞ እናቱን እንደማይመስል የታወቀ ነው። በተጨማሪ ተክሉ ውኃ ሲጠማው ፍሬው እንደሚያቃጥል ሰምቻለሁ፤ ምናልባት ጠያቂዋ ውኃ አሳንሰው ይሆናል።

አትክልተኛ ከዘንዘልማ

የዲቃላ ዘር ልጅ እናቱን አይመስልም ማለትዎ ትክክል ነው፤ የሚለያየው ግን ወላጆቹ ባላቸው ባሕርይ ውስጥ ነው። የፈረንጅ ቃሪያ ዲቃላ የሚባለው ሁለት ጣፋጭ ዓይነቶች ተዳቅለው የወጣ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ በመጠን፣ በቅርጽ፣ በቀለም፣ በሥጋቸው ውፍረት ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ወላጆች የሌላቸውን ማቃጠል ግን ከየትም አያመጡትም። የውኃውም ነገር እንዲሁ ነው፦ ውኃ ማጣት ቀድሞውኑ የሚያቃጥለውን ቃሪያ የባሰ ያፋጀዋል እንጂ ጣፋጩን የሚያቃጥል አያደርገውም።

ውኃ ማዛባት የሚያመጣው ሌላ ጣጣ አለ። ፍሬው ከበስተ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ሲሰረጉድና ኋላም ሲጠቁር ካያችሁ፣ በሽታ መስሏችሁ ለመርጨት አትቸኩሉ። አፈሩ አንድ ሳምንት ደርቆ በማግሥቱ ሲጥለቀለቅ ተክሉ ካልሲየም ወደ ፍሬው ማድረስ ስለሚያቅተው የሚሆን ነው። አፈሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዞ በጥቂት በጥቂቱ አዘውትሮ ማጠጣት ያስታግሠዋል።

እትዬ ማጀት

ልጄ፣ የሚያቃጥሉትን ተክሎች ለማንም ብለሽ እንዳትነቅያቸው። ለስንግ ከእነሱ የተሻለ የለም። ያገራችን ቃሪያ ለስንግ ሲሰነጠቅ ሥጋው ስስ ስለሆነ ሽንኩርቱ ይፈስሳል፤ እነዚህ ግን የፈረንጁን የመሰለ ወፍራም ግድግዳ ይዘው ማቃጠሉን ከቃሪያው ወስደዋል። በቁመቱ በአንድ ጎኑ ብቻ ሰንጥቀሽ፣ ዘሩን በማንኪያ ጭራ ጠርገሽ፣ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ጥቂት ቲማቲም በሎሚ፣ በዘይትና በጨው አሽተሽ ጠቅጥቂበት። ሎሚው የዘጌ ቢሆን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከተቀመጠ በኋላ ብታቀርቢው ነው የሚጥመው፤ ወዲያው የተበላ ስንግ ሽንኩርቱም ቃሪያውም ገና አልተዋወቁም።

ጣፋጩን ግን የቃሪያን ሥራ አታሠሪው። ብዙ ሰው የፈረንጅ ቃሪያ ሲያገኝ በጥብስ ላይ በቃሪያ ምትክ ይጨምርና «አይጥምም» ብሎ ይፈርድበታል። ቃሪያ የሚጨመረው እንዲያፋጅ ነው፤ ይህ ደግሞ ያለው ጣፋጭነትና መዓዛ ነው፤ ሁለቱም የሚወጡት በእሳት ነው። እኔ አብልጬ የምወደው በከሰል የተጠበሰውን ነው። ሙሉ በሙሉ የቀላውን መርጠሽ፣ ሳትቆርጪው እንዳለ በፍም ላይ በሽቦ አስቀምጠሽ፣ ቆዳው በሁሉም ጎን ጠቁሮ እስኪነፋፋ ድረስ እያገላበጥሽ ጥበሺው። ጥቁረቱ አያስደንግጥሽ። ከዚያም በትንሽ ድስት ከትተሽ ክደኚውና አሥር ደቂቃ ያህል በራሱ እንፋሎት ይታሽ፤ ቆዳው በጣት ሲጎተት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይወጣል። በውኃ ግን እንዳታጥቢው፤ መዓዛው አብሮ ይሄዳል፤ የቀረች ጥቁር ነጥብ ብትኖር አትጎዳም። በእጅ ተርትረሽ፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሎሚና ጨው ጣል አድርገሽበት በእንጀራ ላይ ብታቀርቢው፣ ለጾም ከሚሠሩት ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ይሆናል።

ፍሬው በመጋቢት መድረሱ ከዐቢይ ጾም ጋር መገጣጠሙ ነውና፣ ሁለተኛው ሥራ ሙሌቱ ነው። የፎገራን ሩዝ አጥበሽ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። ቀይ ሽንኩርቱን በዘይት እስኪለሰልስ አቁላልተሽ፣ የተፈጨ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ ጨምሪበት፤ ሩዙንና በከፊል የተቀቀለ ድፍን ምስር አግብተሽ፣ ሩዙ ግማሽ ሲበስል አውጪው። ፍሬውን ከአንገቱ ክዳን እንዲመስል ቆርጠሽ፣ ነጩን ክፍል ከነዘሩ አውጥተሽ፣ ውስጡን ጨው ነካ አድርጊውና ሙያት፤ ግን እስከ አፉ አይደለም። ሩዙ ገና ያብጣልና አንድ አራተኛው ባዶ ይቅር፤ ካልሆነ ፍሬው ይተረተራል። ከዚያ ጠባብ ድስት ውስጥ ተደጋግፈው እንዲቆሙ ደርድረሽ፣ የቲማቲም ስጎ በውኃ አቅጥነሽ እስከ ወገባቸው አፍስሺ፤ ክዳናቸውን መልሰሽ፣ ድስቱን ገጥመሽ በለስላሳ እሳት ከ35 እስከ 40 ደቂቃ አብስይው። ወዲያው ከምድጃ እንደወረደ አታቅርቢው፤ ሲበርድ ነው ሩዙ ስጎውን የሚጠጣው።

ከፋሲካ በኋላ፣ ወይም በጾሙም ዓሣ የሚበላ ቤት ከሆነ (በዚህ ጉዳይ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሥርዓት ያውቃልና ጣልቃ አልገባም)፣ በሩዙ ፈንታ የዓሣ ዱለት ሙያት። የቀረሶ ሥጋ እሾሁ በደንብ ተለቅሞ በደቃቁ ተከትፎ፣ ከሽንኩርትና ከዚያው ከሚያቃጥለው ቃሪያሽ ጋር በድስት ለብ ለብ ብሎ ይሞላል። ዓሣው ቶሎ ስለሚበስል ፍሬውን አስቀድመሽ ባዶውን በጥቂት ውኃ አለስልሺው፤ አለበለዚያ ዓሣው ደርቆ ቃሪያው ጥሬ ይሆንብሻል። አምባዛም ይሆናል፤ ቅባቱ ግን ስለሚበዛ ሎሚ ጨመር ማድረግ ነው።

ለጥብስም ቢሆን መግባት ይችላል፤ ብቻ ሥጋው በስሎ ሊወርድ ሦስት አራት ደቂቃ ሲቀረው ይጨመር። ቀድሞ የገባ ይሟሟና ውኃ ብቻ ይሆናል።

የሽምብጥ ጓሮ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በከሰል የጠበስሁትን ዛሬ ለምሳ አቅርቤ ነበር፤ እንደተባለው ከሁሉ ቀድሞ አለቀ። ሦስት ነገር ልጨምር። የተጠበሰውን በዘይት ሞልቼ በማሰሮ ባስቀምጠው እስከ ክረምት ይቆይልኛልን? ወይስ እንደ በርበሬ በፀሐይ ላድርቀው? ሁለተኛ፣ ከሐይቁ የሚወጣውን እምቦጭ ሰዎች አድርቀው ለመደብ ሲጎዘጉዙት አያለሁና ለቃሪያው ይስማማዋልን? ሦስተኛ፣ ለከርሞ ዘር ከየትኛው ተክል ልያዝ፤ የሚጣፍጡትም ቢሆኑ ተደባልቀውብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

እትዬ ማጀት

በማሰሮ በዘይት አድርገሽ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጡን ተዪው፤ በተለይ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን። አየር በማያገኘው ዘይት ውስጥ፣ ሽታም መልክም ሳይለወጥ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ የምግብ መመረዝ የሚያስከትል ተሕዋስያን ሊራባ ይችላል። በማቀዝቀዣ ለጥቂት ቀን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ላጥ አድርገሽ ያለ ዘይት በበረዶ ቤት ማስቀመጥ ነው። መብራት የሚጠፋበት ቤት ከሆነ ደግሞ በልክ መጥበስ ይሻላል። በፀሐይ ማድረቁም እንደ በርበሬ አይሆንልሽም፤ ሥጋው ወፍራምና ውኃማ በመሆኑ ውስጡ ሳይደርቅ ይሻግታል። ማድረቅ የግድ ካልሽ በቀጫጭኑ ተርትረሽ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረብ፣ በወንፊት ላይ አስጪው።

አትክልተኛ ከዘንዘልማ

እምቦጩን ከሐይቁ አጠገብ ባለ ጓሮ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ። አረሙ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ሲወር፣ በተቆረጠ ቁራጩም በዘሩም ነው የተስፋፋው፤ ዘሩ ደግሞ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ቅጠሉ በፀሐይ ቢደርቅ እንኳ በውስጡ ያለው ዘር አይሞትም፤ በደረቅ መደብ ላይ ባይበቅልም የሐምሌ ጎርፍ ከጓሮዎ ጠርጎ ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል። በደንብ ግሎ፣ ተገላብጦ በተብላላ ኮምፖስት ውስጥ ዘሩ ሊሞት ይችላል፤ በጓሮ የሚከመር ትንሽ ክምር ግን እንዲያ አይግልም። ለጉዝጓዝ የጤፍ ጭድ ወይም ዘር ሳይዝ የታጨደ ሣር ይበቃል።

የዘሩ ጉዳይ ከሚያስቡት ይቀላል። የማቃጠሉ ባሕርይ ከአንድ ወላጅ ቢመጣም ራሱን አይደብቅም፤ ስለዚህ ፍሬው ጨርሶ የማያቃጥል ተክል ያንን ባሕርይ በውስጡ አልያዘም ማለት ነው። አበባው በሻሽ ተሸፍኖ በራሱ ዱቄት ከያዘ፣ ልጆቹ በመልክ ቢለያዩ እንጂ አያቃጥሉም። ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ፍሬ ቆርጠው፣ ከጫፉ ሳይሆን ከአንገቱ በኩል ያለውን ነጭ ክፍል በምላስዎ ጫፍ ይንኩት፤ የፍሬው ጫፍ በሚያቃጥለውም ተክል ላይ ለስላሳ ሆኖ ሊያታልልዎ ይችላል። ቅምሻውን ለልጆቹ አይተዉ። የጣፈጡትን በክር ምልክት ያድርጉባቸው፤ ከእነሱም ቢያንስ ከሦስት ከአራት ተክል ዘር ይያዙ። የሚያዝያ ሙቀት በርትቶ አበባውን ሳያረግፈው ሻሹን በዚህ ሳምንት ቢያለብሱ ፍሬው ሰኔ ሳይገባ ይቀላል።